ሒሳቡ የተዘጋበት ቀን

የጦርነት መታሰቢያ የሚጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይቆይም። ቀና ብሎ ቁመቱን ያያል፤ አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ዝም ይላል፤ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። አይፈረድበትም፤ ሐውልቱም የተሠራው እንዲያ እንዲያደርግ ነው። ትልቅ ነው፣ ዝም ያሰኛል፣ ጥያቄ አያስነሳም። ግን ስም የተቀረጸበት ሐውልት ሁሉ ከግርማው በስተጀርባ መዝገብ ነው። መዝገብ ደግሞ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን አለው፤ የሚገባበትና የማይገባበት ሰው አለው፤ ጻፊና ከፋይም አለው። ጦርነት ስንት እንዳስከፈለ ማወቅ የፈለገ ሰው ከስሞቹ ይልቅ መስመሩ የተሰመረበትን ቦታ ቢፈልግ ብዙ ያገኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢፕር በምትባለው የቤልጅየም ከተማ መግቢያ ላይ ሜኒን በር የሚሉት ግዙፍ ቅስት አለ። የተመረቀው ጁላይ 24 ቀን 1927 ነው። ከ54,000 በላይ ስም ተቀርጾበታል፤ ሁሉም በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአካባቢው በተደረገው ውጊያ ሞተው መቃብራቸው ያልታወቀ የብሪታንያና የግዛቶቿ ወታደሮች ናቸው። ንድፉን ያወጣው አርክቴክት ሬጂናልድ ብሎምፊልድ ነው። ቅስቱ ያን ያህል ሰፍቶም ስሞቹ ሲቆጠሩ ግድግዳው አልበቃም። መፍትሔው ቀን መቁረጥ ሆነ። በአብዛኛው እስከ ኦገስት 15 ቀን 1917 የጠፉት በሩ ላይ ተጻፉ፤ ከዚያ በኋላ የጠፉት፣ ወደ 35,000 የሚጠጉት፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ታይን ኮት በሚባለው መካነ መቃብር የኋላ ግንብ ላይ ተጻፉ። በአንድ ምሽግ አብረው የከረሙ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ በ15 ማታ፣ ሌላው በ16 ጠዋት ወድቀው ከሆነ ስማቸው በሁለት ቦታ የተለያየው ድንጋይ ስላለቀ ነው።

ሜኒን በር ሥር በየዕለቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የመኪና መንገዱ ተዘግቶ ጥሩንባ ይነፋል። ልማዱ የተጀመረው በ1928 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ከተማዋን ሲይዙ ተቋረጠ፤ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1944 ከተማዋ ነፃ በወጣችበት ምሽት፣ በሌላኛው ሰፈር ተኩሱ ገና ሳይበርድ፣ እንደገና ተነፋ። ሥርዓቱ ሊታይ የሚገባው ነው። ስም ማንበብ የሚፈልግ ግን በዚያ ሰዓት የሚያየው የሰው ጀርባና ወደ ላይ የተዘረጋ ስልክ ብቻ ነውና ጠዋት ቢሄድ ይሻለዋል።

ጠዋት የሄደም ቢሆን አንድ ነገር ሳያውቅ ከሄደ ባዶ እጁን ይመለሳል። እዚያ ያሉት ስሞች ከጫፍ እስከ ጫፍ በፊደል ተራ የተደረደሩ አይደሉም። መጀመሪያ በሬጅመንት፣ ማለትም ባገለገሉበት የጦር ክፍል፣ ይከፈላሉ፤ በሬጅመንቱ ውስጥ በማዕረግ፤ በማዕረጉ ውስጥ ነው የፊደል ተራው የሚመጣው። ስሙን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ስንት «ስሚዝ» ሲያነብ ውሎ የሚፈልገውን ሳያገኝ ይሄዳል። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ የሟቹን ክፍል፣ ማዕረግ፣ ከተቻለም የወታደር መለያ ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል። የብሪታንያንና የግዛቶቿን ሟች ወታደሮች መቃብርና መታሰቢያ የሚጠብቀው የጦር መቃብር ኮሚሽን መረጃውን በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያሳያል፤ ስሙ ያለበትን የግንብ ክፍል ቁጥርም ይሰጣል። አሁንም ካልተገኘ ሁለት ነገር መጠርጠር ነው። አንደኛው የፊደል ስህተት ነው፤ ጸሐፊው እንደሰማው ጽፎታል። ሁለተኛው የሐሰት ስም ነው። ዕድሜው ሳይደርስ የተመዘገበ፣ ሚስቱን ትቶ የሸሸ፣ ከአንድ ክፍል ጠፍቶ ሌላ ክፍል የገባ፣ ብዙው በሌላ ስም ነው የዘመተው። እንዲህ ያለው ሰው ስሙ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ አንዱ የዘመተበት፣ ሌላው እናቱ ያወጣችለት።

በሰሜን ፈረንሳይ የሚገኘው የቲየፕቫል መታሰቢያ ከዚህ ይበልጣል። ኤድዊን ሉቲየንስ የነደፈው ሲሆን የተመረቀው ኦገስት 1 ቀን 1932 ነው። በሶም ወንዝ አካባቢ በተደረጉት ውጊያዎች ደብዛቸው የጠፋ ከ72,000 በላይ ሰዎች ስም አለበት። ይህን ቁጥር በቃል ማለት ቀላል ስለሆነ በሌላ መስፈሪያ እንስፈረው። ለአንድ ስም ሦስት ሰከንድ ብንሰጥ፣ እንቅልፍም ምግብም ሳይኖር፣ ጮክ ብሎ አንብቦ ለመጨረስ 60 ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ቀን ከግማሽ። እንግዲህ ይህ አስከሬናቸው ያልተለየው ብቻ ናቸው፤ መቃብር ያገኙት እዚህ ውስጥ የሉም።

ቲየፕቫል ላይ በቅርብ መታየት ያለበት ነገር ባዶው ቦታ ነው። በዚያ አገር ዛሬም ማሳ ሲታረስ፣ የቤት መሠረት ሲቆፈር አፅም ይወጣል። በልብስ ቁልፍ፣ በመለያ ቁጥር፣ በማንኪያ ላይ በተጫረ ስም፣ ወይም በዲኤንኤ ምርመራ ማንነቱ ከታወቀ በወታደራዊ ሥርዓት ይቀበርና በስሙ ድንጋይ ይቆምለታል። ያኔ ከግድግዳው ላይ ስሙ ይነሳል፤ የግድግዳው ሒሳብ ደብዛቸው የጠፋ ሰዎች ብቻ ነውና የተገኘ ሰው እዚያ ቦታ የለውም። ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ እየተቀነሰ ያለ ሐውልት ነው። እርም ማውጣት የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው የዚህን መቀነስ ትርጉም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው ኮሚሽን በንጉሣዊ ቻርተር የተቋቋመው ሜይ 21 ቀን 1917 ነው፤ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ውሳኔዎቹ ለዘመኑ ድፍረት ነበሩ። አስከሬን ወደ አገር ቤት አይመለስም፤ ጄኔራሉም ተራ ወታደሩም አንድ ዓይነት ድንጋይ ይቆምላቸዋል፤ ቁመቱ 81 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 38። ሀብታም ቤተሰቦች ተቃወሙ፣ ፓርላማ ድረስ ሄደው ተከራከሩ፣ አልሆነላቸውም። ለቤተሰብ የተተወችው ነገር ከድንጋዩ ግርጌ ያለች አንዲት መስመር ናት፤ በእንግሊዝኛ ከ66 ሆሄ እንዳትበልጥ፣ በቃላት መካከል ያለው ክፍተትም ተቆጥሮ። ለእያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ተኩል ፔኒ ይጠየቅ ነበር፤ ቅሬታ ሲበዛ ክፍያው በፈቃደኝነት ሆነ። ኒውዚላንድ ግን «አንዱ ችሎ፣ ሌላው ሳይችል ልዩነት ይፈጥራል» ብላ መስመሯን ጭራሽ ከለከለች። ስለዚህ መቃብሮቹ መካከል የሚዘዋወር ሰው የኒውዚላንዶቹን ግርጌ ባዶ ሲያገኘው ቤተሰብ ያጡ ሆነው እንዳይመስለው።

የኮሚሽኑ መዝገብ የሚዘጋበት ቀንም አለው። ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ከኦገስት 4 ቀን 1914 እስከ ኦገስት 31 ቀን 1921፤ ለሁለተኛው ከሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1947። በመርዝ ጋዝ ሳንባው የተቃጠለ ወታደር እያሳለ ኖሮ በኦገስት 31 ቀን 1921 ከሞተ የጦርነቱ ሟች ነው። በማግስቱ ሴፕቴምበር 1 ቢሞት ግን አይደለም። ጋዙ ያው ነው፣ ሳንባው ያው ነው፣ የሚያስታምሙትም ያው ናቸው። መዝገብ የግድ አንድ ቦታ ይዘጋል፤ ይህን የሚያውቅ ጎብኚ ግን በድንጋዩ ላይ ያለውን ጠቅላላ ድምር ሲያይ «ቢያንስ» የሚለውን ቃል ከፊቱ ያስቀምጣል።

የሒሳቡ መክፈቻና መዝጊያ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ቦታም አለ፤ በቤልጅየም ሞንስ ከተማ አጠገብ ያለው የሴንት ሲምፎሪየን መካነ መቃብር። በኦገስት 21 ቀን 1914 የሞተው፣ የመጀመሪያው የብሪታንያ ሟች ወታደር ተብሎ የሚታወቀው ጆን ፓር እዚያ ነው። ኖቬምበር 11 ቀን 1918፣ የተኩስ አቁሙ ሊጀምር ትንሽ ሲቀረው የተገደለው ጆርጅ ኤሊሰንም እዚያው ነው። መቃብሮቻቸው በጥቂት ሜትሮች ርቀት ይተያያሉ። ሲቀበሩ ማንም አስቦበት አይደለም፤ የተገጣጠመ ነገር ነው። ጦርነቱ አራት ዓመት ሄዶ ሄዶ መጀመሪያ ወደነበረበት መንደር ተመለሰ፤ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለችው ሣር ከ700,000 በላይ የብሪታንያ ወታደሮች ሞት ናት።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። ስሙ ከተጻፈ ነዋ።

ናይሮቢ መሐል፣ ኬንያታ ጎዳና ላይ፣ በ1928 የቆሙ የነሐስ ምስሎች አሉ። ጠመንጃ የያዙ ወታደሮችና አንድ ስንቅ ተሸካሚ ናቸው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊና በዓረብኛ ነው። ለተዋጉት አፍሪካውያን ወታደሮችና «የሠራዊቱ እግርና እጅ ለነበሩት ተሸካሚዎች» መታሰቢያ መሆኑን ይናገራል፤ ከዚያም ለአገራችሁ ብትዋጉ፣ ብትሞቱም እንኳ፣ ልጆቻችሁ ስማችሁን ያስታውሳሉ የሚል ቃል አለው። ሐውልቱን ዞሮ ለሚፈትሽ ሰው አንድም ስም አይገኝበትም።

እነዚያ ተሸካሚዎች ለምን ያን ያህል እንዳስፈለጉ ሒሳቡን መሥራት ይቻላል። በምሥራቅ አፍሪካ ግንባር የጭነት እንስሳ በቆላ ዝንብ አለቀ፤ መንገድ የለም፤ መኪና በጭቃ ይሰምጣል። ስለዚህ ጥይቱም ዱቄቱም በሰው ጭንቅላት ሄደ። አንድ ሰው 25 ኪሎ ገደማ ቢሸከም፣ በቀን አንድ ኪሎ እህል ቢበላ፣ 12 ቀን ሄዶ 12 ቀን ሲመለስ 24ቱን ኪሎ ራሱ ይጨርሰዋል። ግንባር የሚደርሰው አንድ ኪሎ ነው። ግንባሩ በራቀ ቁጥር ለተሸካሚው የሚሸከም ሌላ ተሸካሚ፣ ለእርሱም ሌላ ያስፈልጋል። ምግብ ሲያጥር የሚቀነሰው መጀመሪያ ከእነርሱ ነበር። ያልለመዱት፣ በደንብ ያልበሰለ የበቆሎ ዱቄት ተቅማጥ አመጣ፤ ወባና የሳንባ ምች የቀረውን ጨረሰ። አብዛኞቹ የሞቱት ጥይት ነክቷቸው አይደለም። ከጥይት ውጭ የሞተ፣ የጦር መሣሪያ ያልያዘ፣ በቁጥር እንጂ በስም ያልተመዘገበ ሰው፤ ለመታሰቢያ ጸሐፊ ለመተው ከዚህ የሚቀልል ሰው የለም።

ኮሚሽኑ ራሱ በ2021 ባወጣው ሪፖርት ይህን አምኗል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሞቱት መካከል ከ45,000 እስከ 54,000 የሚገመቱ፣ በአብዛኛው ሕንዳውያን፣ ምሥራቅና ምዕራብ አፍሪካውያን፣ ግብፃውያንና ሶማሌዎች፣ ከሌሎቹ እኩል አልተዘከሩም። ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ ደግሞ ወይ በስማቸው አልተጻፉም፣ ወይ ጭራሹኑ አልታሰቡም። «ሁሉም እኩል» የሚለው መርህ የወጣውም፣ ይህ የተደረገውም በአንድ ተቋም፣ በአንድ ዘመን ነው።

ከመዝገብ ተለይተው የወጡ ሌሎችም አሉ። በከዳተኝነት፣ በፍርሃትና በመሳሰለው ተከሰው በራሳቸው ጦር የተረሸኑ 306 የብሪታንያና የግዛቶቿ ወታደሮች መታሰቢያ ያገኙት በ2001 ነው፤ በእንግሊዝ ስታፈርድሺር፣ በብሔራዊው የመታሰቢያ ደን ውስጥ። 306 እንጨት ተተክሎ በእያንዳንዱ ላይ ስም አለ፤ ከፊታቸው ዓይኑ የታሰረ ለጋ ወጣት ቆሟል። እንጨት የሆነው ሲረሸኑ የሚታሰሩበት እሱ ስለሆነ ነው። በ2006 በሕግ ምሕረት ተደረገላቸው። ሕጉን ያነበበ ሰው ግን ምሕረቱ ጥፋተኛ ያሰኛቸውን ፍርድ እንደማይሽር ተጽፎ ያገኘዋል። አንዳንዶቹ ያኔ የጦርነት ድንጋጤ ይባል የነበረው ሕመም እንደነበረባቸው የፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ ይነበባል።

ዋሽንግተን ያለው የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ በሌላ መንገድ የተሠራ መዝገብ ነው። ለንድፉ ውድድር ከ1,400 በላይ ሥራዎች ቀርበው ያሸነፈችው የ21 ዓመቷ ተማሪ ማያ ሊን ነበረች፤ የተመረቀው በኖቬምበር 13 ቀን 1982 ነው። ከሕንድ የመጣ ጥቁር ግራናይት ሲሆን እንደ መስተዋት ስለተወለወለ ስሙን የሚያነብ ሰው የራሱን ፊት ከስሙ ጋር ያያል። ሁለት ክንፍ አለው፤ እያንዳንዱ 75 ሜትር ገደማ፤ መሐል ላይ ሲጋጠሙ ቁመቱ 3 ሜትር ይሆናል፣ ወደ ጫፍ ሲሄድ እየከሰመ መሬት ይገባል።

ማዕረግ የለም። ተራው በሞቱበት ቀን ነው፤ ፊደል የሚመጣው በአንድ ቀን ለሞቱት ብቻ ነው። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ከመጋጠሚያው በስተቀኝ ባለው ሰሌዳ አናት ላይ 1959 ይጀምራል፤ ወደ ቀኝ ጫፍ ሄዶ መሬት ይገባል፤ ከግራው ጫፍ እንደገና ብቅ ብሎ ወደ መሐል ይመለሳል፤ 1975 ላይ በስተግራው ሰሌዳ ግርጌ ያልቃል። የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ሟቾች ጎን ለጎን ናቸው። በአንድ ውጊያ አብረው የወደቁ ሰዎች አብረው ተጽፈዋል፤ ከዚያ ውጊያ የተረፈ ሰው ጓደኞቹን በሙሉ በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ያገኛቸዋል። በፊደል ተራ ቢሆን ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር። የሚያስከፍለው ደግሞ ቀኑን የማያውቅ ሰው ማውጫውን ሳያይ ስም ማግኘት አለመቻሉ ነው፤ ማውጫው መግቢያው ላይ አለ፣ የሰሌዳና የመስመር ቁጥር ይሰጣል።

ከእያንዳንዱ ስም ጎን ትንሽ ምልክት አለች። አልማዝ ቅርጽ ከሆነ ሞቱ ተረጋግጧል፤ መስቀል ከሆነ ደብዛው ጠፍቷል። አፅሙ ሲገኝ መስቀሉ ላይ አልማዝ ይቀረጽበታል። በሕይወት ቢመለስ መስቀሉ በክብ እንዲከበብ ታስቦ ነበር፤ ለዚያ የበቃ ሰው አልተገኘም።

በግድግዳው ላይ ከ58,000 በላይ ስም አለ፤ ስምንቱ የሴቶች ነው፣ ነርሶች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ራሳቸውን ያጠፉት፣ ከአውሮፕላን በተረጨው ኬሚካል ካንሰር ይዟቸው የሞቱት የሉበትም፤ ለእነርሱ በኋላ በ2004 ስም የሌለው ትንሽ ሰሌዳ መሬት ላይ ተነጥፏል። ቬትናማውያኑ ደግሞ ከመጀመሪያውም የሒሳቡ አካል አይደሉም። የቬትናም መንግሥት በ1995 በሰጠው አኃዝ 2 ሚሊዮን ሲቪልና 1.1 ሚሊዮን ተዋጊ ሞቷል፤ የደቡቡ ጦር ሟቾች ከዚህ ውጭ ናቸው። ለ58,000 ሰው 150 ሜትር ግድግዳ ካስፈለገ ለ3.1 ሚሊዮን በተመሳሳይ የሆሄ መጠን 8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የዋሽንግተኑን ግድግዳ ሳይቆሙ ለመራመድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ያኛውን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው።

አሁን ስለ ድንጋዩ ራሱ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ በቀና ልብ ብዙ ጉዳት ይደርስበታልና። የደበዘዘ ጽሑፍ ለማንበብ ዱቄት ወይም ጠመኔ መቀባት የተለመደ ነው፤ አይደረግም። ዱቄቱ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ሻጋታ ይመግባል፣ ጠመኔው የላላውን ድንጋይ ይፍቃል። የሚያስፈልገው ብርሃን ብቻ ነው። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይ ከጎን ስትመታ እያንዳንዷ ሆሄ የራሷን ጥላ ትጥላለች፤ እኩለ ቀን ላይ ፊት ለፊት የመጣ ብርሃን ግን ጥላውን ሁሉ ያጠፋዋል። ድንጋዩ ወደ ሰሜን ዞሮ ፀሐይ የማያገኝ ከሆነ አንድ ሰው ከጎን በመካከለኛ መስተዋት ብርሃን ቢወረውርለት፣ ወይም ሲመሽ የስልክ መብራት ከድንጋዩ ጋር አስተኝቶ ቢይዝለት ያው ነው። የስልኩ ፍላሽ መጥፋት አለበት። በወረቀትና በእርሳስ ፈግፍጎ ስም መገልበጥ በጠንካራ ግራናይት ላይ ችግር የለውም፤ በዋሽንግተኑም የተለመደ ነው። በሚፈረፈር የኖራ ድንጋይ ላይ ግን ወረቀቱ ሲነሳ ሆሄው አብሮት ይመጣል።

ማጽዳትም እንዲሁ። የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ በአሲድ ይሟሟሉ፤ ኮምጣጤና ሎሚ ሆሄውን ይበሉታል። በረኪና ዛሬ ያነጣና ጨው ጥሎ ይሄዳል፤ ጨው ቀዳዳው ውስጥ ሲደርቅ እየጠጠረ የድንጋዩን ገጽ ከውስጥ ገፍቶ ይልጠዋል። የሽቦ ብሩሽ የብረት ብናኝ ይተዋል፣ ብናኙ ይዝጋል፣ ነጩ ድንጋይ ቡናማ ያለቅሳል። በኃይል የሚረጭ የውሃ መሣሪያ መጋጠሚያውን ይከፍታል። የባለቤቱን ፈቃድ ካገኙ በኋላ ንጹሕ ውሃ፣ ለስላሳ የእንስሳ ጠጉር ብሩሽ፣ ብዙ ትዕግሥት ነው። መጀመሪያ ድንጋዩን በሙሉ ማርጠብ፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ መሄድ፤ ከላይ ከተጀመረ ቆሻሻው በደረቁ ላይ ወርዶ መስመር ሆኖ ይቀራል። በእርሳስ ማዕድን የተሞላ ሆሄ ካለ ደግሞ ባይነካ ይመረጣል፤ ከጀርባው ውሃ ገብቶ ከቀዘቀዘ በጣት ሲነካ ይወድቃል። ይህን ሁሉ አድርገንም ዝናብ የራሱን ሥራ ይሠራል። ከነፋስ በኩል ያለው ጎን ቀድሞ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ በየጊዜው ድንጋይ ይቀየራል፣ ሆሄ እንደገና ይቀረጻል። ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሲኖር ነው።

የደመወዝ ነገር ከተነሳ፣ የገንዘቡ ሒሳብ ከሰዎቹ ሒሳብ ይልቅ ረጅም ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ብሪታንያ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ያወጣችውን የጦርነት ብድር ሰነድ ከፍላ የጨረሰችው በማርች 2015 ነው። ጀርመን ከዚያው ጦርነት ካሳ ጋር የተያያዘውን የመጨረሻ ዕዳ የከፈለችው በኦክቶበር 3 ቀን 2010 ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 አበቃ፤ ለዚያ ጦርነት የሚከፈለው የመጨረሻ ጡረታ የቆመው በ2020፣ የአንድ ዘማች ሴት ልጅ ስትሞት ነው። በወር 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነበር። መሬቱም ገና እየከፈለ ነው፤ ምዕራብ ቤልጅየምና ሰሜን ፈረንሳይ ገበሬዎች በየዓመቱ ሲያርሱ ያልፈነዳ የመድፍ አረር ያወጣሉ፣ መንገድ ዳር ያስቀምጡታል፣ የጦሩ ፈንጂ አምካኞች እየዞሩ ይለቅማሉ። ከመካከሉ ጋዝ የያዘው ተለይቶ ይሄዳል፤ ብረቱ በዛገ ቁጥር አደጋው ይብሳልና።

ቁስለኛስ? ከብሪታንያ ወታደሮች ብቻ 41,000 የሚሆኑት በአንደኛው ጦርነት እጅ ወይም እግራቸው ተቆርጧል። ለእግር የቆመ ግድግዳ የለም።

ሒሳቡን ሰፋ አድርገው የከፈቱ ቦታዎች አሉ። በሰሜን ፈረንሳይ፣ ኖትርዳም ደ ሎሬት ኮረብታ ላይ፣ ኖቬምበር 11 ቀን 2014 የተመረቀው ቀለበት በዚያ አካባቢ የሞቱ 579,606 ወታደሮችን በፊደል ተራ ብቻ ይዟል። አገር የለም፣ ማዕረግ የለም፣ ወዳጅና ጠላት የለም። ያንን በሦስት ሰከንድ ሒሳብ ቢያነቡት 20 ቀን ይወስዳል። በጃፓኗ ደሴት በኦኪናዋ ላይ በ1995 የቆመው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እዚያ ለሞቱት የተሠራው መታሰቢያ ደግሞ ከዚህም አልፎ ከ240,000 በላይ ስም ሲይዝ የደሴቲቱን ሲቪሎች፣ የጃፓንን፣ የአሜሪካንና የኮሪያን ሟቾች አንድ ላይ ጽፏል። ይህ ሁሉንም ደስ አያሰኝም፤ ወራሪና ተወራሪ በአንድ መስመር ሲጻፉ ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋል የሚል ክርክር አለ። ክርክሩ ትክክል ይመስለኛል። ነገር ግን ጥፋተኛን ለመለየት ፍርድ ቤትና ታሪክ ጸሐፊ አለ፤ የተከፈለው ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ ግን የአንድ ወገን ደረሰኝ ብቻ ይዞ መልስ አይሰጥም።

በፈረንሳይ ቬርደን አጠገብ ያለው የዱዎሞን የአፅም ማረፊያ ስም ከመጻፍ ሌላ አማራጭ አለው። ፊት ለፊት ሲገቡ ግንብ፣ ጸሎት ቤት፣ በረጅሙ የተዘረጋ መተላለፊያ አለ፤ ከውጭ ከ16,000 በላይ መቃብር በመስመር ተደርድሯል። አብዛኛው ጎብኚ ይህን አይቶ ይመለሳል። ከሕንጻው ጀርባ ቢዞሩ ግን በመሬት ልክ የተሠሩ ትናንሽ መስኮቶች አሉ። ጎንበስ ብሎ እጅን በግንባር ላይ ጋርዶ ነጸብራቁን ካስወገዱት በኋላ ውስጡ ይታያል። አጥንት ነው። ክምር። ማንነታቸው ያልታወቀ ቢያንስ 130,000 የፈረንሳይና የጀርመን ወታደሮች አፅም ተቀላቅሎ እዚያ አለ። የጭን አጥንቱ በአንድ በኩል፣ የራስ ቅሉ በሌላ በኩል የተቀመጠበት ክፍል አለ። ልጆች ይዞ የሄደ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ ፎቶ ለማንሳትም የሚቸኮልበት ቦታ አይደለም።

ሂሮሺማ ውስጥ ያለው መታሰቢያ ስሞቹን ለማንም አያሳይም። ከቅስቱ ሥር በድንጋይ ሣጥን ውስጥ የተቆለፉ መዝገቦች ናቸው፤ ከ120 ቅጽ በላይ ሆነዋል። በየዓመቱ ኦገስት 6 ቀን ከአቶሚክ ቦምቡ ተርፈው ባለፈው ዓመት የሞቱ ሰዎች ስም ይጨመርበታል። የሞቱበት ምክንያት አይጠየቅም፤ በ90 ዓመቱ በእርጅና የሞተውም ይገባል። ድምሩ ከ340,000 አልፏል። ሣጥኑ ውስጥ እርጥበት ስለሚገባ፣ ወረቀትም ስለሚሻግት፣ በየዓመቱ በሜይ ወር ሠራተኞች መዝገቦቹን አውጥተው ነጭ ጨርቅ ላይ ይደረድሯቸዋል። አንድ በአንድ ገጹን እየገለጡ ነፋስ ያስመቷቸዋል፣ ነቀዝና ሻጋታ ይፈልጋሉ። ከመካከላቸው በአንደኛው ላይ የተጻፈው «ስማቸው ያልታወቀ ብዙዎች» የሚል ብቻ ነው። እሱንም ከሌሎቹ ጋር ያወጡታል፣ ይገልጡታል፣ ነፋስ አስመትተው ወደ ሣጥኑ ይመልሱታል።